«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ቢባልም፦ የፈረስ ማሠልጠኛ ጋጣ የሳምንት ሒሳብ

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» የሚለው አባባል ችሎታውን እንዲያሳይ ለተጠየቀ ሰው የሚወረወር ነው። በፈረስ ሥራ ላይ ገንዘቡን ለማዋል ለሚያስብ ባለሀብት ግን አባባሉ የሒሳብ ጥያቄ ይሆናል። ፈረሱን ከገበያ መግዛት ይቻላል። ሜዳውን ማግኘት ግን፣ በተለይ እንደ አያት ባለ ሌት ተቀን በሚገነባ አካባቢ፣ ሌላ ነገር ነው። ከሁለቱም ሌላ ብዙዎች የሚዘነጉት ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም ሳምንቱ ነው። ፈረስ ሰባቱንም ቀን ይበላል፤ ገንዘብ የሚያመጣው ግን በአብዛኛው ቅዳሜና እሑድ ነው። የፈረስ ማሠልጠኛ ጋጣ ትርፍም ኪሳራም የሚወለደው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ባለው ልዩነት ነው።

ይህ ጽሑፍ ከአያት አደባባይ እስከ ለገጣፎና ሰንዳፋ መንገድ ባለው አካባቢ ጋጣ ከፍቶ ፈረስ ለማሠልጠን የሚያስብ ሰው ሥራውን በሳምንት ሒሳብ እንዴት ሊመለከተው እንደሚገባ ያሳያል።

ሽልማቱን የሚከፍለው ማን ነው?

ስለ ፈረስ እሽቅድድም ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ በቀጥታ ወደ ሽልማቱ ይሄዳል። በዓለም ላይ የእሽቅድድም ገንዘብ የሚመጣው ግን ከሦስት ዓይነት ምንጭ ነው።

የመጀመሪያው ውርርድ ነው። በእንግሊዝና በሆንግ ኮንግ ሕዝቡ በፈረሶች ላይ ከሚወራረደው ገንዘብ የተወሰነው ተመልሶ ለሽልማትና ለስፖርቱ ማካሄጃ ይውላል። ይሁንና እንግሊዛዊው አሠልጣኝም ቢሆን በሽልማት ብቻ አይኖርም። የዕለት እንጀራው ባለፈረሶቹ ለእያንዳንዱ ፈረስ በቀን ሒሳብ የሚከፍሉት የማደሪያና የሥልጠና ክፍያ ሲሆን፣ ፈረሱ ሲያሸንፍ ከሽልማቱ 10 በመቶ ገደማ ድርሻ ይታሰብለታል።

ሁለተኛው የመንግሥትና የትላልቅ ድርጅቶች ድጎማ ነው። ዱባይ እ.ኤ.አ. በ1996 የዓለም ዋንጫ የተባለውን ውድድር በ4 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ስትጀምር በፈረስ ላይ መወራረድ በአገሪቱ የተከለከለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ሽልማቱ 12 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ሼኮቹ ያንን ያህል ገንዘብ ያፈሰሱት ከሜዳው መግቢያ ለማትረፍ ሳይሆን የከተማቸውን ስም ለመሸጥ ነው።

ሦስተኛው ክብር ነው፤ የኢትዮጵያም ምንጭ ይኸው ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው በዓድዋ ጦርነት ፈረሶች የነበራቸውን ውለታ ለማሰብ ሲሆን፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚያከብረው በዓል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ትልቅ ትርኢት ሆኗል። ባለፈረሱ ግን ፈረሱን ቀልቦና አስጊጦ የሚወጣው ለስሙ እንጂ ለገንዘብ ሽልማት አይደለም።

በአዲስ አበባም ቢሆን ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በፊት በጃንሜዳ የፈረስ እሽቅድድም ይካሄድ ነበር። ዛሬ ግን በየሳምንቱ ሽልማት የሚከፍል ቋሚ የእሽቅድድም ወቅት በከተማዋ የለም። በመሆኑም የንግድ ዕቅዱ ላይ «ከሽልማት የሚገኝ ገቢ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከመነሻው ተሳስቷል። በአያት የሚከፈት ጋጣ የሚሸጠው አገልግሎት ነው፤ ይኸውም የሰው ፈረስ ማሳደርና ማሠልጠን፣ ግልቢያ ማስተማር፣ በሰንበት ፈረስ ማከራየት፣ አልፎ አልፎም ለሠርግና ለፊልም ሥራ ፈረስ ማቅረብ ነው።

ጋጣው በቁጥር

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ 10 ፈረሶች ያሉት ጋጣ እንውሰድ። ከእነዚህ ውስጥ 6ቱ የደንበኞች፣ 4ቱ የጋጣው ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት የብር መጠኖች ለስሌት ያህል የተወሰዱ እንጂ የዕለቱ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንባቢው በቦታቸው የራሱን ዋጋ ተክቶ ሊያሰላ ይችላል።

የሚሠራ ፈረስ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ገደማ ደረቅ መኖ ይፈልጋል። 350 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ይህ 7 ኪሎ ነው፤ 5 ኪሎ ድርቆሽና 2 ኪሎ ገብስ፣ አጃና ፉርሽካ። ለ10 ፈረስ በሳምንት 350 ኪሎ ድርቆሽና 140 ኪሎ እህል ነክ መኖ ማለት ነው። ድርቆሹ በኪሎ 20 ብር፣ እህሉ 40 ብር ቢታሰብ የሳምንቱ መኖ 12,600 ብር ይሆናል።

ለሦስት ጋጣ ጠባቂዎችና ለአንድ አሠልጣኝ ጋላቢ ደመወዝ 10,000 ብር፤ በየስድስት ሳምንቱ ለሚቀየረው የፈረስ ጫማ በሳምንት ሲካፈል 2,000 ብር፤ ለሕክምናና ለመድኃኒት 2,500 ብር፤ ለቦታ ኪራይ፣ ለውኃና ለጉዝጓዝ 8,000 ብር ይያዝ። ጠቅላላ ወጪው በሳምንት 35,100 ብር ነው። አንድ ፈረስ ሠራም አልሠራ በቀን 500 ብር ገደማ ይጨርሳል ማለት ነው።

ገቢውስ? ስድስቱ ባለፈረሶች ለማደሪያና ለሥልጠና በሳምንት 4,000 ብር ቢከፍሉ 24,000 ብር ይገኛል። አራቱ የጋጣው ፈረሶች ቅዳሜና እሑድ በቀን 3 ሰዓት ቢሠሩ በጠቅላላው 24 ሰዓት ይሆናል፤ ሰዓቱ በ700 ብር ሲሰላ 16,800 ብር። ድምሩ 40,800 ብር ነው። ወጪው ሲቀነስ የደህና ሳምንት ትርፍ 5,700 ብር ይሆናል።

ከሰኞ እስከ እሑድ

ሰኞ የፈረሱ የዕረፍት ቀን፣ የባለቤቱ ደግሞ የፍርሃት ቀን ነው። የሰንበቱ ሥራ ምን እንዳስከተለ የሚታወቀው በዚህ ቀን ጠዋት ነው። ጋጣ ጠባቂው የእያንዳንዱን ፈረስ እግር በእጁ እየዳሰሰ ሙቀትና እብጠት መኖሩን ይፈትሻል፣ ሰኮናውን እያነሣ ጠጠር ይፈልጋል፣ ፈረሱን በጠንካራ መሬት ላይ እያስኬደ አረማመዱን ይመለከታል። በዚህ ሰዓት የተገኘ ትንሽ ሙቀት በጥቂት ቀን ዕረፍት ሊያልፍ ይችላል። ሳይታይ ቀርቶ ማክሰኞ ወደ ሥራ የተመለሰ ፈረስ ግን ጅማቱ ከተጎዳ ለማገገም ወራት ይወስድበታል።

ሰኞ ሌላም አደጋ አለው። ሲሠራ የሚሰጠው እህል በዕረፍት ቀን ሳይቀነስለት የቆየ ፈረስ ወደ ሥራ ሲመለስ የኋላ ጡንቻው ደርቆ፣ ላብ አጥምቆት፣ መራመድ እስኪያቅተው ሊደርስ ይችላል። በጥንት ጊዜ ፈረሶች ጋሪና ማረሻ ይጎትቱበት በነበረው አውሮፓ እሑድ አርፈው ሰኞ ሥራ ሲጀምሩ ስለሚይዛቸው «የሰኞ ጠዋት በሽታ» ተብሎ ይጠራ ነበር። በአዲስ አበባ ሰንበት የሥራ ቀን ስለሆነ አደጋው ወደ ማክሰኞ ይዞራል። መፍትሔው ወጪ የለውም፤ በዕረፍት ቀን እህሉን በግማሽ ቀንሶ ድርቆሹን መጨመርና ፈረሱን ለጥቂት ጊዜ እየመሩ ማንሸራሸር ነው።

ማክሰኞ ሶምሶማ፣ ረቡዕ ደንገላሳና አጭር ሽምጥ፣ ሐሙስ እንደገና ቀላል ሥራ ይሆናል። የአያት ጋጣ ሥራውን ማለዳ 12 ሰዓት ላይ መጀመር ይኖርበታል። ፀሐይ ከወጣ በኋላ አሸዋና ሲሚንቶ የጫኑ መኪናዎች መንገዱን ይሞላሉ። በአስፋልትና በኮብልስቶን ላይ የሚጋልብ ሰው ደግሞ ፈረሱን እንደሚያሠለጥን ሳይሆን እግሩን እንደሚቀጠቅጥ ሊያውቅ ይገባል።

ዓርብ የገበያና የክፍያ ቀን ነው። መኖ ይገባል፣ ሮቶው በውኃ ይሞላል። 10 ፈረስ በቀን ከ200 እስከ 300 ሊትር ውኃ ስለሚጠጣ የውኃ መስመር ሲቋረጥ የሁለት ቀን መጠባበቂያ የሌለው ጋጣ በቦቴ ለመግዛት ይገደዳል። አዲስ የመጣ መኖ በአንድ ጊዜ አይለወጥም፤ ከአሮጌው ጋር እየተደባለቀ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ድረስ ቀስ በቀስ ይለመዳል። ፈረስ የበላውን ማስመለስ የማይችል እንስሳ በመሆኑ ለጥቂት ብር ቅናሽ ተብሎ በድንገት የተቀየረ መኖ በሆድ ቁርጠት ሊገድለው ይችላል።

ቅዳሜና እሑድ ገንዘቡ ይመጣል። ፈተናውም አብሮ ይመጣል። ደንበኛ ተሰልፎ ሲታይ 3 ሰዓት የተመደበለትን ፈረስ 5 ሰዓት ማሠራት ያጓጓል። በዚህ መንገድ ለአንድ ፈረስ በሁለት ቀን የሚገኘው ተጨማሪ ገቢ በስሌታችን 2,800 ብር ነው። ፈረሱ በዚሁ ምክንያት አንድ ወር ቢያነክስ ግን 16,800 ብር ይቀራል። ገበያው በሞቀበት ሰዓት «ይብቃው» ማለት የማይችል ባለቤት ከዚህ ሥራ ቢርቅ ይሻለዋል።

ትርፉን የሚበላው ምንድን ነው?

የደህና ሳምንት ትርፍ 5,700 ብር መሆኑ ከላይ ታይቷል። አሁን ሳምንቱ በአንድ ነገር ብቻ ቢዛባ ምን እንደሚሆን እንመልከት።

ሰንበቱን ዝናብ ውሎ የግልቢያው ሰዓት በግማሽ ቢቀንስ 8,400 ብር ይቀራል፤ ትርፉ ወደ 2,700 ብር ኪሳራ ይለወጣል።

ከጋጣው አራት ፈረሶች አንዱ ቢያነክስ 4,200 ብር ይቀራል፤ ትርፉ 1,500 ብር ብቻ ይሆናል። ሁለቱ ካነከሱ ውጤቱ ከዝናቡ ጋር እኩል ነው።

አንድ ደንበኛ ፈረሱን ቢወስድ 4,000 ብር ገቢ ይቀራል። የሚድነው ወጪ ግን የዚያ ፈረስ መኖና ጫማ፣ ማለትም 1,460 ብር ብቻ ነው። ኪራዩም ደመወዙም እንዳሉ ስለሚቆዩ የሳምንቱ ጉዳት 2,540 ብር ይሆናል።

ሁለት ደንበኞች «በሚቀጥለው ሳምንት እንከፍላለን» ቢሉ ደግሞ በመዝገብ ላይ ትርፍ እያለ በካዝና ውስጥ 2,300 ብር ይጎድላል። ፈረሱ ግን ዱቤ አያውቅም።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያ ትምህርት የማደሪያ ክፍያ በሳምንቱ መጀመሪያ በቅድሚያ መሰብሰብ እንዳለበት ነው። ሁለተኛው ውል ነው። ፈረሱ ቢታመም ሐኪሙን ማን ይከፍላል? ቢሞት ኃላፊነቱ የማን ነው? ባለፈረሱ ለወራት ሳይከፍል ቢጠፋ ፈረሱ ምን ይሆናል? እነዚህ ጥያቄዎች ፈረሱ ወደ ጋጣው ከመግባቱ በፊት በጽሑፍ ካልተመለሱ በኋላ በሽማግሌ ወይም በፍርድ ቤት ይመለሳሉ።

ድርቆሽ በኅዳር

ነጋዴ የሆነ ሰው ከሌላው ጋጣ ባለቤት የሚበልጥበት አንድ ቦታ ቢኖር የድርቆሽ ግዢ ነው። በሰንዳፋና በሱሉልታ ሜዳዎች ሣሩ የሚታጨደው ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ነው። በዚያን ጊዜ ድርቆሽ በብዛት ይቀርባል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን አቅርቦቱ ይመናመናል፣ መንገዱም ይጨቀያል፤ ዋጋው ይወጣል።

በምሳሌያችን የአንድ ኪሎ ድርቆሽ ዋጋ በክረምት ከ20 ወደ 30 ብር ቢወጣ ጋጣው በሳምንት 3,500 ብር፣ በ12 የክረምት ሳምንታት 42,000 ብር ተጨማሪ ይከፍላል። ለዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ድርቆሽ 42 ኩንታል ብቻ ነው። በኅዳር ገዝቶ ከመሬት ከፍ ባለ፣ አየር በሚያገኝና በማያፈስ መጋዘን ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ይህን ገንዘብ ያድናል። ማከማቻው የሚያፈስ ከሆነ ግን ቁጠባው ወደ ጉዳት ይለወጣል። ሻጋታና አቧራ ያለበት ድርቆሽ የፈረሱን ሳንባ ያበላሻል፤ የሚያስል ፈረስ ደግሞ አይሠለጥንም፣ አይከራይምም።

የዓመቱ ሒሳብ እንዲህ ይሆናል። 40 ደህና ሳምንታት በ5,700 ብር ሲባዙ 228,000 ብር ነው። ከዚህ 12 የዝናብ ሳምንታት ኪሳራ፣ 32,400 ብር፣ ሲቀነስ 195,600 ብር ይቀራል። በዓመቱ ውስጥ 100,000 ብር የተገዛ አንድ ፈረስ ቢሞት ትርፉ ወደ 95,600 ብር ይወርዳል። ድርቆሹ በኅዳር ካልተገዛ 53,600 ብር ብቻ ይሆናል። በዚህ ላይ ሁለት ደንበኞች ለግማሽ ዓመት ቢለቁ ዓመቱ በ78,480 ብር ኪሳራ ይዘጋል። ስለዚህ የክረምቱን ኪሳራና የአንድ ፈረስ ዋጋ የሚሸፍን፣ በዚህ ምሳሌ ከ130,000 ብር በላይ የሆነ መጠባበቂያ ሳይዙ በሩን መክፈት በዕድል ላይ መወራረድ ነው።

የፈረስ ሞት ደግሞ ሩቅ አደጋ አይደለም። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው፣ በጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት የሚተላለፈው ገዳይ በሽታ በኢትዮጵያ አለ። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነፍሳቱ በሚበዙበት ጊዜ ያስፈራል። መከላከያው ክትባት በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ይዘጋጃል። ክትባቱን ወቅቱ ሳይደርስ ማስከተብና ፈረሶቹን በምሽት ጋጣ ውስጥ ማስገባት ከወጪዎች ሁሉ የረከሰው ነው። ይኸው በሽታ ወደ ውጭ ፈረስ ልኮ ማወዳደርንም ከባድ ያደርገዋል። ደቡብ አፍሪካን የመሰለች ትልቅ የእሽቅድድም አገር እንኳ በዚሁ ሳቢያ ፈረሶቿን ወደ አውሮፓ ለመላክ ለዓመታት ተቸግራለች።

ፈረስ ሲገዛ

ለግልቢያ የሚፈለግ ፈረስ ሲነሣ የሰላሌ ፈረስ ስም ይጠራል። ደላላ ግን ሁሉንም ፈረስ ሰላሌ፣ ሁሉንም ፈረስ የአምስት ዓመት ያደርገዋል። ገዢው የፈረሱን አፍ ከፍቶ ማየት አለበት። የፊት የወተት ጥርሶች ከሁለት ዓመት ተኩል ጀምሮ ጥንድ በጥንድ ይለወጣሉ፤ ፈረሱ አምስት ዓመት ሲሞላው የፊት ጥርሶቹ በሙሉ ተለውጠው ያልቃሉ። የወተት ጥርስ ያለውን ፈረስ ለከባድ ሽምጥ ማሰለፍ ያልጠና አጥንት መስበር ነው።

ከአፉ ቀጥሎ እግሩ ይታያል። ፈረሱ በጠንካራ መሬት ላይ በልል ገመድ እየተመራ ሶምሶማ ይርገጥ፤ የሚያነክስ ፈረስ አንገቱን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። በመጨረሻም ከሻጩ ያልተቀጠረ የእንስሳት ሐኪም ይመልከተው። የሐኪም ዋጋ ከተሳሳተ ግዢ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ሜዳውስ?

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ቢሟላ የመጨረሻው ጥያቄ ይቀራል። አያት ዛሬ በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሥር ያለ፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ መስመር መድረሻ የሆነ አካባቢ ነው። የመኖሪያ መንደሮችና የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ከብበውታል። ለጋጣ ባለቤት ይህ ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል ልጆቹን በሰንበት ፈረስ ላይ ለማውጣት የሚከፍል ደንበኛ በአቅራቢያው አለ። በሌላ በኩል ያንኑ ደንበኛ ያመጣው ግንባታ ከጋጣው ሥር ያለውን መሬት ይፈልገዋል።

በምሳሌያችን የቦታ ኪራይ፣ ውኃና ጉዝጓዝ 8,000 ብር ተይዞላቸዋል። አከራዩ ቦታውን ለመጋዘን ወይም ለጋራዥ የሚፈልግ ሰው አግኝቶ ይህ ወጪ ወደ 14,000 ብር ቢያድግ 5,700 ብሩ ትርፍ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ የደህናው ሳምንት በ300 ብር ኪሳራ ይዘጋል። አንድም ፈረስ ሳይታመም፣ አንድም ሰንበት ሳይዘንብ ጋጣው ይዘጋል ማለት ነው። የከተማ ቦታ በሊዝ ለያዘ ሰውም ነገሩ ቀላል አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የሊዝ ቦታ ለተፈቀደለት አገልግሎት መዋል ስላለበት፣ ፈረስ ከማስገባቱ በፊት የውሉን ቃል ማንበብ ይኖርበታል።

ሜዳ ለሁሉም እንደሚፈለግ የጃንሜዳ ታሪክ ራሱ ምስክር ነው። ፈረሶች ይሽቀዳደሙበት የነበረው ሜዳ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የአትክልት ተራ ነጋዴዎች ተዛውረውበት ቲማቲምና ሽንኩርት ተሸጦበታል።

አማራጩ ወደ ሰንዳፋ አቅጣጫ ራቅ ማለት ነው። ቦታው ይሰፋል፣ ድርቆሹ ይቀርባል፣ መሬቱም ለፈረስ እግር ይለሰልሳል፤ የሰንበት ደንበኛ ግን ይርቃል። ስለዚህ ገቢውን በዋናነት ከማደሪያና ከሥልጠና ክፍያ የሚያገኝ ጋጣ ርቆ ቢሄድ ይጠቀማል፤ በሰዓት ኪራይ የሚተማመን ግን ለአያት ቅርብ ሆኖ የረጅም ጊዜ የኪራይ ውል መያዝ ግዴታው ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚፈልግ የሁለቱንም ወጪ ይሸከማል።

አበው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። በንግዱም እንዲሁ ነው። ፈረሱ ባለቤቱን እስከ ቅዳሜ ያደርሰዋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን ውጊያ፣ ከድርቆሽ ዋጋ፣ ከዝናብ፣ ከዱቤና ከቦታ ኪራይ ጋር የሚደረገውን፣ የሚዋጋው ባለቤቱ ራሱ ነው። ወደዚህ ሥራ የሚገባ ሰው ፈረሱን ከመግዛቱ በፊት የአሥራ ሁለት የዝናብ ሳምንታትን ሒሳብ ጽፎ፣ የቦታውን ውል አንብቦ፣ ድርቆሹ በየት እንደሚከማች ወስኖ ቢጀምር «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ሲባል መልስ ይኖረዋል።